አጃይል በሶፍትዌር ቡድኖች ዘንድ እንዴት ተስፋፋ?

አጃይል የአንድ ዘዴ ስም አይደለም። ሶፍትዌርን በአጭር በአጭሩ እየሠሩ፣ ለተጠቃሚ እያሳዩና በአስተያየቱ መሠረት እያስተካከሉ የመሄድ አሠራሮች ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ።

ከዚህ ቀደም የተለመደው ዋተርፎል ነበር። መጀመሪያ ፍላጎት ይሰበሰባል፤ ከዚያ ንድፍ፣ ቀጥሎ ኮድ፣ መጨረሻ ላይ ፍተሻ ይመጣል። ደንበኛው «የፈለግኩት ይህን አይደለም» የሚለው ጊዜውም ገንዘቡም ካለቀ በኋላ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ቅደም ተከተል ሲገልጽ፣ እንዳለ ቢሠራበት አደጋ እንዳለው ራሱ አስጠንቅቆ ነበር። ብዙዎች ግን ቅደም ተከተሉን ብቻ ወሰዱ።

በ1990ዎቹ ሌላ መንገድ የሚፈልጉ በዙ። ኬን ሽዋበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ስክረም የተባለውን አሠራር በ1995 ለሙያ ጉባኤ አቀረቡ፤ ኬንት ቤክ ደግሞ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የተባለውን አመጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 17 ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ፣ ስኖውበርድ ተገናኝተው የአጃይል ማኒፌስቶን (የአቋም መግለጫ) ጻፉ። 4 እሴቶችና 12 መርሆች አሉት።

በብዛት የተለመደው ስክረም ነው። ሥራው ስፕሪንት በሚባሉ ዙሮች ይከፈላል። አንዱ ስፕሪንት ከአንድ ወር አይበልጥም፤ ብዙ ቡድኖች ሁለት ሳምንት ያደርጉታል። በየቀኑ የ15 ደቂቃ ስብሰባ አለ። ለመጀመር ቀላል ነው፤ የተስፋፋውም በዚህ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ኢንተርኔት አዲስ ቨርዥን መልቀቅን አቀለለው።

ግን ስብሰባው ሲስፋፋ የቴክኒክ ሥነ ሥርዓቱ ወደኋላ ቀረ። ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ኮድ ሁሉ አውቶማቲክ ቴስት (በትክክል መሥራቱን በራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራም) ይኑረው፣ ሁለት ሰው አብሮ ይጻፍ ይላል። ይህ ይከብዳል። ያለ ቴስት በየሁለት ሳምንቱ መልቀቅ ግን የተበላሸውን ሲጠግኑ መክረም ነው። የጠዋቱ ስብሰባም ቡድኑ ሥራውን የሚያቀናጅበት መሆኑ ቀርቶ ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሬትሮስፔክቲቭ ነው፦ ቡድኑ በስፕሪንቱ መጨረሻ አሠራሩን የሚገመግምበት ሰዓት። ሥራ ሲጣደፍ ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ ቡድኑ የሚሻሻለው ግን እዚያ ነው።

ጥገናና ድጋፍ ላይ ያሉ ቡድኖች፣ ሥራቸው በድንገት ስለሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ካንባን የተባለውን ሌላ የአጃይል አሠራር ይመርጣሉ። ስፕሪንት የለውም፤ በአንድ ጊዜ የተጀመሩ ሥራዎችን ቁጥር ይገድባል። የአውሮፕላንና የሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ደግሞ ለተቆጣጣሪ አካል የተሟላ ሰነድ ማቅረብ ስላለባቸው፣ አጃይልን ከቀድሞው አሠራር ጋር አዳቅለው ይጠቀማሉ።