አልዶስትሮን ሲያንስ፦ የታማሚው ታሪክና ምልክቶቹ

አልዶስትሮን ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች በውጨኛው ክፍላቸው ሚያመርቱት ሆርሞን ነው፣ ተለይቶ የታወቀው በፈረንጆቹ 1953 አካባቢ ነው። ኩላሊት ሶዲየምን ይዞ እንዲያስቀር ፖታሲየምንና አሲድን ደሞ በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል፣ ሶዲየም ሲቀር ውሃም አብሮት ስለሚቀር የደም ግፊት አይወርድም። ሆርሞኑ ሲያንስ ታድያ ነገሩ ይገለበጣል፣ ጨውና ውሃ በሽንት ይሄዳል፣ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደሙም ወደ አሲድነት ያደላል።

ምልክቶቹ ግን ለብቻቸው ብዙም አይናገሩም። ድካም፣ የጡንቻ መዛል፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ማዞርና አይን ጭልም ማለት፣ እነዚህን ይዞ ሀኪም ጋ የሄደ ሰው የደም ማነስ ነው ጭንቀት ነው ሊባል ይችላል። ለየት ያለው ምልክት የጨው አምሮት ነው፣ ሰውየው ምግቡ ላይ ጨው እየጨመረ አልበቃ ሲለው፣ ግን ይሄን ካልተጠየቀ በቀር እንደ ህመም ቆጥሮ ሚያወራው የለም። ብዙዎቹ ደሞ ጭራሽ ምንም አይሰማቸውም፣ ለሌላ ጉዳይ ደም ሲሰጡ ነው ፖታሲየማቸው ከፍ ብሎ ሚገኘው (ጤነኛው መጠን በአንድ ሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ገደማ ነው)።

ለዚ ነው ከምልክቱ ይልቅ ታሪኩ ሚበልጠው። መጀመሪያ ሚጠየቀው መድሃኒት ነው፣ እንደ ኢናላፕሪል ወይ ሎሳርታን ያሉ የግፊት መድሃኒቶች፣ ደም እንዳይረጋ ሚሰጠው ሄፓሪን፣ እና ሰው እንደ መድሃኒት እንኳን ማይቆጥራቸው ማስታገሻዎች እነ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሆርሞኑን ዝቅ ያደርጋሉ። ስፓይሮኖላክቶን ሚባለው ሽንት ሚያሸና መድሃኒት ደሞ ሆርሞኑን ባይቀንስም ስራውን ስለሚከለክል ውጤቱ ያው ነው። ቀጥሎ ስኳር፣ ለብዙ አመት ስኳር ኖሮበት ኩላሊቱ የተነካ ሰው ሬኒን ሚባለው አልዶስትሮንን ሚቀሰቅሰው ነገር ይቀንስበታል፣ አዋቂዎች ላይ በብዛት ሚታየውም ይሄ አይነቱ ነው፣ እዚ ላይ ግፊት መውረዱ ቀርቶ ከፍ ብሎም ሊገኝ ይችላል። ክብደት ከቀነሰና ቆዳው በተለይ የእጅ መስመሮቹና ድዱ ከጠቆረ ግን ሀሳብ ወደ አዲሰን በሽታ መሄድ አለበት፣ ያኔ አድሬናል እጢው ራሱ ስለተጎዳ ኮርቲሶል ሚባለው ሌላው ሆርሞኑም አብሮ ያንሳል፣ መንስኤው የሰውነት መከላከያ ራሱን ማጥቃቱ ወይ ቲቢ ሊሆን ይችላል። አንጎል ስር ያለው የፒቱታሪ እጢ ችግር ከሆነ ኮርቲሶል ቢያንስም አልዶስትሮን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ ዋናው አዛዡ ሬኒን ነዋ።

ህፃናት ላይ መልኩ ሌላ ነው። በዘር በመጣ የኢንዛይም ጉድለት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስመልሳቸዋል፣ አይጠቡም፣ ኪሎ አይጨምሩም፣ ውሃ ያልቅባቸዋል፣ ይሄ ቀን ሚሰጥ ነገር አይደለም።

ምርመራው ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ የኩላሊት ስራ፣ ኮርቲሶል፣ ሬኒንና አልዶስትሮንን አንድ ላይ ማየት ነው፣ አልዶስትሮን ብቻውን ቢለካ ብዙም አይጠቅምም፣ ሬኒን ከፍ ካለ ጥፋቱ እጢው ጋ ነው፣ ዝቅ ካለ ወደ ኩላሊቱና ስኳሩ ነው ሚታየው። አንዳንዴ ደሙ ሲቀዳ ሴሎቹ ተሰብረው ፖታሲየም በውሸት ከፍ ሊል ስለሚችል መድገም ደግ ነው። በእውነት ከፍ ካለ ግን ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ወዲያው ይነሳል፣ ምክንያቱም ልብን ሊያቆም ይችላል።

ህክምናው መንስኤውን ይከተላል። ሚያባብሰው መድሃኒት በሀኪም ይቀነሳል ወይ ይቀየራል (በራስ ማቆም አይደለም)፣ ሆርሞኑ ለጎደለው ፍሉድሮኮርቲሶን በቀን ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.2 ሚሊግራም ይሰጣል፣ ግፊት ወይ የልብ ድካም ላለበት ግን ይሄ መድሃኒት ውሃ ስለሚያቋጥር ሽንት ሚያሸና መድሃኒትና ፖታሲየም ያነሰበት አመጋገብ ይመረጣል። ሶዲየም የለውም ተብሎ ሚሸጠው የጨው ምትክ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፣ ለነዚህ ሰዎች አደገኛ ነው።