እስያ ምግብ ቤት ስንገባ አብረውን የሚገቡ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የብዙ አገር ሰው በሚኖርበት ከተማ፣ አንድ መንገድ ላይ የታይ፣ የኮሪያ፣ የህንድ፣ የቬትናምና የሊባኖስ ምግብ ቤት ተደርድሮ ማየት ብርቅ አይደለም። ብርቁ ነገር ፍርዱን አስቀድሞ ሳይጨርስ የሚገባ ሰው ነው። አንዱ «ያቃጥላል» ይላል። ሌላው «ኬሚካል ይጨምሩበታል» ይላል። ሦስተኛው ማንም ሳይጠይቀው ስለ «ትክክለኛው» ራመን፣ ስለ ጃፓኑ የኑድልስ ሾርባ፣ ይሰብካል። ከእነዚህ ወሬዎች ገሚሱ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ቢበዛ ጥሩ ምግብ ያስመልጣል። ገሚሱ ግን ሆድ ያሳምማል፤ አለርጂ ላለበት ሰው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የተለመዱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«የቻይና ምግብ ውስጥ ያለው ኤምኤስጂ ራስ ምታት ያመጣል»

ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወሬው ከየት እንደተነሳ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ የሚኖር አንድ ሐኪም ለኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ቻይና ምግብ ቤት ሲበላ ማጅራቱ እንደሚደነዝዝ፣ ድካም እንደሚሰማውና ልቡ በኃይል እንደሚመታ ገለጸ። ምክንያቱን እሱም አላወቀውም። ሶያ ሶሱ ይሆን? ለማብሰያ የሚገባው ወይን? የጨው ብዛት? ወይስ ኤምኤስጂ የሚባለው ማጣፈጫ ዱቄት? ጠየቀ እንጂ አልደመደመም። ነገሩ ግን «የቻይና ምግብ ቤት ሲንድረም» የሚል ስም ወጣለትና፣ ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ አንዱ ብቻ ጥፋተኛ ሆኖ ቀረ።

ኤምኤስጂ ምንም ምስጢር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የቶኪዮ ኬሚስት፣ ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረም የሚሠራው መረቅ ያን አፍ ላይ የሚቆይ ጣዕም ያገኘው ግሉታሜት ከሚባል ንጥረ ነገር መሆኑን ደረሰበት። ጣዕሙን ኡማሚ አለው። ኤምኤስጂ ይኸው ግሉታሜት ከሶዲየም ጋር ተዋሕዶ ነው። ግሉታሜት ቲማቲም ውስጥ አለ። የቆየ ፓርሜዛን አይብ ውስጥ በብዛት አለ። የእናት ጡት ወተት ውስጥም አለ። ሰውነታችን ደግሞ የአይቡን ከዱቄቱ ለይቶ አያውቅም።

«እኔን ያመኛል» የሚሉ ሰዎች የትኛው ምግብ ውስጥ እንዳለ ሳይነገራቸው ሲሞከር፣ ውጤቱ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሆነ። አንዳንድ ሰው በባዶ ሆዱ ብዙ ቢወስድ ቀላልና ቶሎ የሚያልፍ ስሜት ሊሰማው ይችላል። ከዚያ ያለፈ ጉዳት ግን አልተረጋገጠም። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ኤምኤስጂን ደህንነታቸው ከታወቀ ማጣፈጫዎች ይመድበዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ቻይና ምግብ ቤት «ኤምኤስጂ እንዳታስገቡ» ብሎ የሚያስጠነቅቀው ሰው፣ ማታ ቲቪ ፊት አንድ ትልቅ ከረጢት ቺፕስ ሲጨርስ ጀርባውን ገልብጦ አያነብም። ጣዕም የተጨመረባቸው ብዙ ቺፕሶች ውስጥ አለ። ከበላችሁ በኋላ ከባድ ስሜት ከተሰማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የምግቡን ብዛት፣ ጨውን፣ ዘይቱንና ቢራውን ይሁን።

«ሱሺ ማለት ጥሬ ዓሣ ነው»

አይደለም። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተለወሰው ሩዝ ነው። ላዩ ላይ የበሰለ ሽሪምፕ፣ የተጠበሰ እንቁላል ወይም ኪያር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያለ ሩዝ ተቆርጦ የሚቀርበው ጥሬ ዓሣ ሳሺሚ ነው። ጥሬ የማይደፍር ሰው ሱሺ ቤት ገብቶ ጠግቦ መውጣት ይችላል።

ከዚህ የባሰው ስህተት «ዓሣው ዛሬ ከባሕር የወጣ ከሆነ ችግር የለውም» የሚለው ነው። የባሕር ዓሣ አኒሳኪስ የሚባል ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ትሉ የሚሞተው በሙቀት ወይም በብርድ ነው። ስለዚህ በጥሬው ለሚበላ ዓሣ የአሜሪካ መመሪያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዚያ በበረታ ብርድ ለአጭር ጊዜ ማቆየትን ያዛል፤ አውሮፓም የራሱ ተመሳሳይ ሕግ አለው። «ፍሪዘር ውስጥ የነበረ ነው» የሚል ምግብ ቤት ሥራውን አውቋል ማለት ነው። ጃፓኖች ራሳቸው የአካባቢያቸውን ሳልሞን በጥሬው የመብላት ልማድ አልነበራቸውም፤ ምክንያቱ ይኸው ትል ነበር። ዛሬ ሱሺ ቤት ሁሉ የምናየውን ሳልሞን ጃፓን ውስጥ ያስለመዱት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለእርባታ ዓሣቸው ገበያ ሲፈልጉ የነበሩት ኖርዌዮች ናቸው።

አረንጓዴው ዋሳቢም አብዛኛውን ጊዜ ዋሳቢ አይደለም። ሆርስራዲሽ የሚባል የሚያቃጥል ሥር ቀለም ተጨምሮበት ነው። እውነተኛው ውድ ነው፤ ከተፈጨ በኋላም ጣዕሙ ቶሎ ይጠፋል።

«ቾፕስቲክ የማይችል ሰው ይሳቅበታል»

ታይ ምግብ ቤት ሹካና ማንኪያ ሲቀርብላቸው «ለእኛ ለባዕዶች ነው» ብለው ቅር የሚላቸው አሉ። ታይላንዳውያን ራሳቸው የሚበሉት በሹካና በማንኪያ ነው። ማንኪያው በቀኝ፣ ሹካው በግራ ይያዛል። ሹካው ሩዙንና ወጡን ወደ ማንኪያው ይገፋል፤ ወደ አፍ የሚገባው ማንኪያው ብቻ ነው። ቾፕስቲክ፣ ማለትም ሁለቱ የመብያ ዘንጎች፣ የሚመጣው ለኑድልስ ነው። ኮሪያ ቤት ደግሞ ቾፕስቲኩ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ ሩዝና ሾርባ ግን በማንኪያ ይበላል። ህንድ ቤት በቀኝ እጅ መብላት የተለመደ ነው። ሱሺም በእጅ ቢበላ ነውር የለውም።

እውነተኛ ነውር ከፈለጋችሁ ሁለት አሉ። ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል ለሞተ ሰው የሚደረግ ነው። ጃፓኖች ዘንድ ደግሞ ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ማቀባበል የቀብር ሥርዓትን ያስታውሳል፤ የተቃጠለ አስከሬን አጥንት የሚነሳው እንደዚያ ነው። ሹካ መጠየቅ ግን ማንንም አያስከፋም።

«የእስያ ምግብ ሁሉ ያቃጥላል»

በደቡብ ቻይና ያለው የካንቶን ምግብ በአብዛኛው አያቃጥልም። የጃፓን ምግብ በአብዛኛው አያቃጥልም። የሚያቃጥለው የቻይናዋ ሲቹዋን፣ የታይ፣ የኮሪያና የብዙ ህንድ አካባቢዎች ምግብም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ በርበሬ አልነበረውም። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ወደ እስያ የተሻገረው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ፣ በአብዛኛው በፖርቹጋል ነጋዴዎች እጅ ነው።

ካቃጠላችሁ ውሃ አትጠጡ። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፤ አፍ ውስጥ ያሰራጨዋል። ወተት ወይም እርጎ ይሻላል።

«አብሳዩ የአገሩ ሰው ካልሆነ ምግቡ የውሸት ነው»

ይህኛው በጣም ያከራክራል፤ እኔም በግልጽ ወገን ይዣለሁ። ብሪታንያ ውስጥ «የህንድ» ተብለው ከሚታወቁት ምግብ ቤቶች አብዛኞቹን ያቆሟቸው ባንግላዴሻውያን ናቸው፤ በተለይም ከሲልሄት የሄዱ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሱሺ ቤት የሚያንቀሳቅሱት ቻይናውያንና ኮሪያውያን ናቸው። እጅ የሚፈታው በሥራ ነው፤ ፓስፖርት ዓሣ አይቆርጥም።

«ትክክለኛው» የሚባለው ምግብ ራሱ ስደተኛ ነው። ራመን ከቻይና ኑድልስ የመጣ ነው። በስስ ሊጥ ተነክሮ የሚጠበሰውን ቴምፑራ ለጃፓን ያስተማሩት ፖርቹጋሎች ናቸው፤ ቪንዳሉ የሚባለው የህንዷ ጎዋ ወጥም መነሻው የእነሱ ምግብ ነው። ባን ሚ የሚባለው የቬትናም ሳንድዊች ዳቦው ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ፓድ ታይ የሚባለው የታይ የተጠበሰ ኑድልስ ጥንታዊ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የተስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ የታይላንድ መንግሥት ብሔራዊ ምግብ እንዲሆን ስለገፋበት ነው። የታይላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የታይ ምግብ ቤቶችን በዓለም ዙሪያ ለማብዛት ፕሮግራም አውጥቷል። የታይ ሜኑ የትም ብትሄዱ የሚመሳሰለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሂሳብ ሲመጣ አብሮ የሚሰጠው የዕድል ብስኩት ደግሞ የቻይና አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበሩ ጃፓናውያን ዳቦ ጋጋሪዎች ያስለመዱት ነው።

«የአገሩ ሰዎች የሚበሉበት ቤት ግባ» የሚለውም ምክር ግማሽ እውነት ነው። ሰዎቹ ጣዕሙን ወደውት ሊሆን ይችላል። ርካሽ ስለሆነ፣ እስከ ሌሊት ስለሚከፍት ወይም ኳስ ስለሚያሳይ ሊሆንም ይችላል። እኔ ከሰዎቹ ይልቅ ሜኑውን አያለሁ። አንድ ትንሽ ኩሽና ሱሺም፣ ፓድ ታይም፣ ፒዛም፣ በርገርም እሠራለሁ ካለ አብዛኛው ከፍሪዘር የሚወጣ ነው። ሜኑው አጭር ሆኖ ከአንድ አካባቢ ምግብ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቤት አንድ የሚችሉት ነገር አለ።

«አትክልት ካዘዝኩ ሥጋም ዓሣም አይነካውም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጎመን ታዛላችሁ፤ ላዩ ላይ የፈሰሰው ቡናማ ነገር ኦይስተር ከሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚሠራ ሶስ ነው። ከሶያ የሚሠራውን ቶፉ ታዛላችሁ፤ ማፖ ቶፉ ከሆነ የተፈጨ ሥጋ አለበት። ቻይና ውስጥ ቶፉ ራሱን የቻለ ምግብ እንጂ የሥጋ ምትክ አይደለም፤ ከሥጋ ጋር ቢቀርብ የሚገርመው ሰው የለም። የታይ አረንጓዴ ከሪ ቅመሙ ሲወቀጥ ጀምሮ የሽሪምፕ ፔስት ሊገባበት ይችላል። ሚሶ የሚባለው የጃፓን ሾርባ የሚሠራበት መረቅ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው። ኪምቺ በሚባለው የኮሪያ የኮመጠጠ ጎመን ውስጥም ብዙ ጊዜ በጨው የቆየ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ አለ።

ችግሩ ከአጠያየቃችን ይጀምራል። ደንበኛው «ሥጋ አለበት?» ይላል። አስተናጋጁ «የለበትም» ይላል። አልዋሸም፤ የዓሣ ሶስ ለእሱ እንደ ጨው ነው። ስለዚህ በስም ጠይቁ፦ የዓሣ ሶስ አለው? የሽሪምፕ ፔስትስ? መረቁ ከምን ነው የተሠራው? አስተናጋጁ ካመነታ «እስቲ ኩሽና ጠይቅልኝ» በሉት። ደስ ብሏቸው የሚመልሱ ብዙ ናቸው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚያንቀሳቅሱት አትክልት ቤት ካገኛችሁ ግን ዕድለኛ ናችሁ፤ አንዳንዶቹ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አያስገቡም።

አለርጂ ያለበት ሰው ከዚህም በላይ መጠንቀቅ አለበት። የተለመደው ሶያ ሶስ ስንዴ አለበት። ሶባ የሚባለው የጃፓን ኑድልስም ብዙውን ጊዜ ስንዴ ይቀላቀልበታል። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው «አታስገቡብኝ» ማለቱ አይበቃውም፤ ከእሱ በፊት ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ የተጠበሰበት መጥበሻ ይሁን አይሁን መጠየቅ አለበት። አልኮል የማይወስድ ሰውም የጃፓን ሶሶች ውስጥ ስለሚገባው ሚሪን፣ ስለ ጣፋጩ የሩዝ ወይን፣ ይጠይቅ።

«የእስያ ምግብ ርካሽ መሆን አለበት»

አንድ ሰሃን ፓስታ ላይ የሚከፍለውን ያህል ለዳምፕሊንግ (በሊጥ ተጠቅልሎ የሚበስል ምግብ) ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው አለ። ሺያውሎንግባው የሚባለውን፣ ውስጡ ሾርባ ያለበትን የቻይና ዳምፕሊንግ እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ የአሳማ ቆዳና አጥንት ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ መረቁ እንደ ጄሊ እስኪረጋ ይቀዘቅዛል። ጄሊው ተከትፎ ከሥጋው ጋር ይለወሳል። ሊጡ አንድ በአንድ ይዳመጣል፤ መሐሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ። ከዚያ አንዷ ቁራሽ ብቻዋን አሥራ ምናምን ጊዜ ትታጠፋለች። እንፋሎቱ ላይ ጄሊው ይቀልጥና ሊጡ ውስጥ ሾርባ ይሆናል። ሲመጣላችሁ ከአናቱ ይዛችሁ ማንኪያ ላይ አኑሩት፣ ጎኑን ትንሽ ነክሳችሁ እንፋሎቱን አስወጡ፣ ከዚያ መረቁን ምጠጡ። አንዴ ሙሉውን የጎረሰ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

ሚሽሊን የተባለው መመሪያ ለምግብ ቤቶች በሚሰጠው ኮከብ ብዛት በዓለም አንደኛ የሆነችው ከተማ ቶኪዮ ናት። ርካሽ ሁሉ ተራ አለመሆኑንም ሲንጋፖር አሳይታለች፦ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያ ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ አንድ የጎዳና ምግብ አብሳይ ኮከብ አግኝቷል።

«የተረፈውን ሩዝ ነገ ካፈላሁት ይበቃል»

አስጠቅልሎ መውሰድ ጥሩ ነገር ነው። ሩዝ ላይ ግን ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ሲቀቀልም አይሞትም። ሩዙ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ይራባና መርዝ ይሠራል፤ ያን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ከምግብ ቤቱ ወጥታችሁ ሲኒማ ልትገቡ ከሆነ ሩዙን እዚያው ተዉት። ቀጥታ ቤት ከሆነ የምትሄዱት በሰዓት፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግስቱም በደንብ ሞቆ አንድ ጊዜ ተበልቶ ይለቅ።