ስም ያዡ ናሙና «ምርጡ ተክል» ማለት አይደለም

ስም ያዡ ናሙና የዝርያው ምርጥ ተክል ነው ወይ ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ላስረዳ። ተክል አዲስ ዝርያ ተብሎ ሲሰየም፣ ብዙውን ጊዜ ደርቆ ወረቀት ላይ የተለጠፈ አንድ ናሙና የስሙ መያዣ ይሆናል። የቀጨጨ፣ ቅጠሉ በተባይ የተበላ ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ሥራው ዝርያውን በመልክ መወከል ሳይሆን ስሙን ማሰር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 ወዲህ ይህን ስም ያዥ ናሙና ሳይጠቁሙ አዲስ የዕፅዋት ዝርያ መሰየም ተቀባይነት የለውም።

እንበልና እስካሁን በአንድ ስም የሚጠሩት የሰሜን ወሎው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጅብራ (የከፍተኛ ተራራ ግዙፍ ተክል) እና የባሌው ጅብራ ሁለት ዝርያ ናቸው ተባለ። የድሮው ስም የሚቀረው ናሙናው ለሚመደብበት ወገን ነው፤ ብዛት አይታይም። ሌላው ቀድሞ የተሰጠው ስም ከሌለ አዲስ ስምና የራሱ ናሙና ያገኛል። ለዚህ ነው ያረጀ ናሙና ሲጣል አንጀቴ የሚቃጠለው። እስከዚህ ሕግ ነው። ሁለት ናቸው ወይስ አንድ የሚለው ግን የተመራማሪዎች ፍርድ ስለሆነ ይለያያል፤ ናሙናው ብቻውን አይፈታውም።