ከሥራ ተቋራጭ ጋር አለመግባባት ሲፈጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት መሬት ቤት የሠራ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳውን ዞሮ ማየት ልማዱ ነው። ስንጥቅ ያገኘ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚደውለው ለሠራለት ተቋራጭ ነው፤ ተቋራጩ ስልክ ማንሳት ሲያቆም ደግሞ ምክር የሚጠይቀው ጎረቤቱን ወይም የሠፈሩን ግንበኛ ነው። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ይህን ተከትለው መብታቸውን በገዛ እጃቸው ያበላሹ ሰዎችን በደሴም በኮምቦልቻም ስላየሁ፣ ደጋግሜ የሰማኋቸውን አመለካከቶች ከነእርማታቸው ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

«ርክክብ ፈርሜያለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው የራሴ ዕዳ ነው»

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚጎዳው ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ የሠራው ቤት በሚገባ የተሠራና ጠንካራ ስለመሆኑ ከርክክብ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ በአሠራሩ ጉድለት ቢፈርስ ወይም ቢበላሽ ኃላፊው እርሱ ነው። ለእኛ አካባቢ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር በዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ፦ ጉዳቱ ሥራው ካረፈበት መሬት ጠባይ የመጣ ቢሆንም ተቋራጩ ከኃላፊነት አያመልጥም። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም።

አክስቴ ይህን ሳታውቅ ሁለት ክረምት አሳልፋለች። ከቤቷ ጀርባ ያለው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ በአንደኛው ጥግ ሆዱን መንፋትና መሰንጠቅ ሲጀምር ተቋራጩ መጥቶ አየና «እትዬ፣ ሥራው ምንም አልሆነም፤ የከዳን መሬቱ ነው» ብሏት ሄደ። የደሴ መሬት መንሸራተቱን ማን ይክዳል? እርሷም አመነችው። ቆይቶ ያየው መሐንዲስ ግን ግንቡ ላይ አንድም የውኃ መውጫ ቀዳዳ እንዳልተተወለት አሳያት፤ የክረምቱ ውኃ ከኋላ ተጠራቅሞ ግንቡን ይገፋው ነበር። መሬቱ ተዳፋት መሆኑ ሥራው ሲጀመር የሚታወቅ ነገር ነው፤ ተቋራጭ የሚቀጠረውም ያንን ታሳቢ አድርጎ እንዲሠራ ነው።

10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከርክክብ ስለሆነ የርክክቡ ቀን በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ሰነድ ሳይፈራረም ዕቃውን ጭኖ የገባ ሰው ቀኑ ራሱ የክርክር ርእስ ይሆንበታል። በዓይን የሚታይ ጉድለት ካለም በርክክቡ ሰነድ ላይ ይመዝገብ፤ «በኋላ አስተካክላለሁ» የሚለው የቃል ተስፋ አይበቃም።

«ሥራው ከተበላሸ አባርሬው ሌላ ሰው ማስገባት መብቴ ነው»

መብቱ አለ፤ ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 በመርሕ ደረጃ፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ጉድለቱን አንድ በአንድ የሚዘረዝር፣ ለማስተካከያ በቂ ቀን የሚቆርጥ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተቋራጩ መቀበሉን የሚያሳይ ፊርማ ወይም በአደራ ደብዳቤ የተላከበት ደረሰኝ መያዝ ይኖርበታል። በንዴት የግቢውን ቁልፍ የቀየረ ባለቤት ተከሳሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ተቋራጩ «ልጨርስ ስል ከለከለኝ» ብሎ ክስ ያቀርባልና።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይብሳል፤ ማስረጃውን ራሱ ያጠፋል። አዲሱ ግንበኛ በገባ በማግስቱ የተሰነጠቀው ይለሰናል፣ የተንጋደደው ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ይጠገናል፤ ፍርድ ቤት ባለሙያ ልኮ ሊያስመረምር ሲል የሚመረመር ነገር አይገኝም። አዲስ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት ገለልተኛ መሐንዲስ እስከየት እንደተሠራና ምን እንደጎደለ ለክቶ ሪፖርት ይጻፍ፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። ለስንጥቅ ቀላል ዘዴ አለ። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀን መጻፍ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ጀሶ መለጠፍ ነው። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። የአክስቴ ግንብ ላይ የሰኔው ምልክትና የነሐሴው ምልክት በአንድ ስንዝር ተራርቀው ታይተዋል፤ ያንን ፎቶግራፍ አይቶ የተከራከረ ሰው የለም።

ክፍያን ስለ መያዝም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 1757 እንደሚለው፣ ውሉ እንዲፈጸምለት መጠየቅ የሚችለው የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ የሆነ ወገን ነው። ስለዚህ ላልተሠራ ሥራ አለመክፈል ተገቢ ነው፤ ለአንድ የበር ማጠፊያ ብሎ የሶሌታውን (በኮንክሪት የሚሞላውን ወለል) ሙሉ ክፍያ መያዝ ግን ባለቤቱን ራሱን ውል አፍራሽ ሊያሰኘው ይችላል።

«የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ስለጨመረ ተቋራጩ ተጨማሪ የመጠየቅ መብት አለው»

በዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ሳይከራከሩ ይሸነፋሉ፤ ፌሮ በአንድ ክረምት ስንት እንደሚጨምር ሁሉም ያውቃልና የተቋራጩ ልመና እውነት ይመስላል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በአንቀጽ 1764 መሠረት የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቀጥላል። አንቀጽ 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ እንደማይቆጠር በስም ጠቅሶ ይናገራል። ጭማሪ የሚከፈለው በውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ካለ ወይም ሁለቱ ወገኖች በኋላ ከተስማሙ ነው።

ጦርነት ከዚህ የተለየ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት በአንቀጽ 1793 ከአቅም በላይ ከሚባሉት መካከል ተዘርዝሯል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ወቅት ሥራ ያቋረጠ ተቋራጭ ለዚያ መዘግየት ካሣ ክፈል ቢባል መከላከያ ነበረው፤ ፍትሐዊም ነው። ነገር ግን ያ ምክንያት የሚያገለግለው ሥራውን በእርግጥ ላገደበት ጊዜ ነው። ከተማው ተረጋግቶ ገበያው ከተከፈተ በኋላ ለወራት የጠፋ ተቋራጭ ያንኑ ምክንያት ይዞ ሊቀጥል አይገባውም።

ባለቤቱ ራሱ በመካከል «እዚህ ጋ አንድ ክፍል ጨምርልኝ፣ በሩን ወደዚያ አዙረው» ያለ እንደሆነ ያ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ተቋራጩም ዋጋውን የመጠየቅ መብት አለው። ጠብ የሚነሣው ትእዛዙ በቃል፣ ያውም ለፎርማኑ ስለሚሰጥ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሥራውን፣ ዋጋውንና የሚጨምረውን ቀን ጽፎ መፈራረም የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው።

«ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ስለሆነ መንግሥት ያስከፍልልኛል»

የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ተቋራጩ በተሰጠው ደረጃ ልክ እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆኑን ያሳያሉ እንጂ የባለቤቱን ገንዘብ ዋስ አይሆኑም። ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይጠቅማል፤ በተቋራጩ ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ ሊያስወስድ ይችላል። ካሣ የሚወሰነው ግን በስምምነት፣ በግልግል ዳኝነት ወይም በፍርድ ቤት ነው።

«ፖሊስ ዘንድ ብሄድ ይቀላል»

የውል አለመፈጸም የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ሐሰተኛ ፈቃድ አሳይቶ ቅድሚያ ክፍያ የወሰደ ሰው ከሆነ ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የማታለል ወንጀል ጥያቄ ስለሚነሣ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል።

«ሽምግልና ከገባሁ ውጤቱ የሽማግሌ ቃል ብቻ ነው»

ወሎ አበጋሮች የሚባሉ ባህላዊ አስታራቂዎች ደም ሲያደርቁ የኖሩበት አገር ስለሆነ ሽምግልናን የሚንቅ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ያም ሆኖ ብዙዎች የሽምግልና ውጤት በሕግ ፊት ክብደት የሌለው ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። በእርቅ ጊዜ ሽማግሌዎች ያቀራርባሉ፤ የሚወስኑት ግን ባለጉዳዮቹ ናቸው፤ ተጽፎ የተፈረመው ስምምነትም ያስገድዳቸዋል። በግልግል ዳኝነት ደግሞ የተመረጡት ዳኞች ራሳቸው ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸውም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ይገዛሉ። ስለዚህ በውል ላይ «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል» ብሎ በደፈናው መጻፍ አደገኛ ነው፤ ሽማግሌ የተባለው አስታራቂ ይሁን ወይስ ዳኛ አይታወቅምና። የግልግል ዳኝነት ስምምነት ፈርሞ በቀጥታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው በተቃዋሚው መቃወሚያ ሊመለስ ይችላል።

የአክስቴ ጉዳይ ያለቀው በእርቅ ነው። ማስጠንቀቂያው ከደረሰው በኋላ ተቋራጩ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ እርሷም የመሐንዲሱን ሪፖርትና ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሙያቸው ግንበኛ የነበሩ ሐጂ ናቸው፤ ፎቶግራፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥቂት ካዩ በኋላ ወደ ተቋራጩ ዞረው «ልጄ፣ ውኃው በየት ይውጣ ብለህ ነው?» አሉት። የተፈረመው ወረቀት ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ የነፋው ጥግ እስከ መሠረቱ ፈርሶ በተቋራጩ ወጪ፣ ከነውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ፣ እስከ ግንቦት 30 እንዲሠራ፤ ካልሆነ በመሐንዲሱ የተገመተውን ወጪ እንዲከፍል። ግንቦት 30 የተመረጠው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሲሚንቶው እንዲጠነክር ነው።