በካንዲ ጎዳና የሚያልፈው ዝሆን ምን ተሸክሟል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዓረብ አገር ሠርታ የምታድር አንዲት እኅታችን ከስሪላንካዊት ባልንጀራዋ ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች። ባልንጀራዋ የአገሯን በዓል በስልኳ እያየች ስታለቅስ ተመልክታ፣ «ያጌጠ ዝሆን ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ መዳፉን ገጥሞ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚያመልኩት ዝሆኑን ነውን?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቅን ነው፤ መልሱም በስደት ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር አብረው ለሚኖሩ ልጆቻችን ሁሉ ይጠቅማልና በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

በዓሉ በስሪላንካ ደጋማ ክፍል በምትገኘው በካንዲ ከተማ በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ የሚከበረው የኤሳላ ፔራሄራ ነው። «ፔራሄራ» በሲንሃላ ቋንቋ የበዓል ሰልፍ ማለት ነው። ዝሆኑ በጀርባው የተሸከመው በወርቅ ያጌጠ ሣጥን የሃይማኖታቸው መምህር የቡድሃ ነው ተብሎ የሚታመነውን ጥርስ ይወክላል፤ ጥርሱ ራሱ ግን ዳላዳ ማሊጋዋ ከሚባለው ቤተ መቅደስ አይወጣም። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሄማማላ የተባለች ልዕልት ጥርሱን በጠጉሯ ውስጥ ሸሽጋ ከሕንድ ከካሊንጋ ወደ ደሴቲቱ አመጣችው። ከዚያ ወዲህ ጥርሱን የያዘ ንጉሥ አገሩን ሊገዛ መብት እንዳለው ይቆጠር ስለ ነበር፣ ነገሥታቱ መናገሻቸውን ሲለውጡ ጥርሱንም ይዘው ይሄዱ ነበር። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጥንቷ ከተማ በአኑራዳፑራ የተቀመጠው ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺየን፣ የጥርሱ በዓል ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ንጉሡ ዐዋጅ ነጋሪውን ባጌጠ ዝሆን ላይ አስቀምጦ ከበሮ እያስመታ ያሳውጅ እንደ ነበር ጽፏል። እንግዲህ ያቺ ልጅ ያለቀሰችው ለጎብኚ በተዘጋጀ ትርኢት አይደለም።

ዋናው ሰልፍ ዐሥር ሌሊት ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ኩምባል፣ ከዚያም በድምቀታቸው የሚበልጡት አምስቱ ራንዶሊ ይባላሉ። ከሁሉ ፊት ጅራፍ የሚያጮኹ ሰዎች ይሄዳሉ፤ ጩኸቱን እነርሱ የነጎድጓድ ምሳሌ ይሉታል። (በቡሄ የጅራፍ ድምፅ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ሳይነካ አይቀርም፤ የምሳሌው ፍቺ ግን ከታቦር ተራራው ፍጹም የተለየ ነው።) ቀጥሎ ሰንደቅ ያዦች፣ ከበሮ መቺዎችና ዘፋኞች፣ እንዲሁም ደረቅ የኮኮናት ፍሬ በብረት ቅርጫት እያነደዱ መንገዱን የሚያበሩ ችቦ ያዦች ይከተላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አገልግሎቱን ከአባቶቻቸው የወረሱ ናቸው፤ አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በሚያዝ በሰሞን መሬት እንዳገለገሉ ሁሉ በዚያም የቤተ መቅደሱን መሬት የያዘ ቤተሰብ በበዓሉ ቀን ከበሮውን ወይም ችቦውን ይዞ መውጣት ይጠበቅበት ነበር። ሣጥኑን የተሸከመው ባለ ረጅም ጥርስ ዝሆን ሲመጣ፣ እግሩ ባዶ መሬት እንዳይረግጥ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍለታል።

ከእርሱም በኋላ ናታ፣ ቪሽኑ፣ ካታራጋማና ፓቲኒ የሚባሉት የአራቱ አማልክት ሰልፎች ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ታሪክ አለው። የካንዲው ሰልፍ አስቀድሞ የእነዚህ አማልክት ነበር፤ የደሴቲቱ የምንኵስና ሥርዓት ተቋርጦ በነበረበት ዘመን ይህን ሥርዓት ሊያድሱ እ.ኤ.አ. በ1753 ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ፣ መነኮሳት መጡ፤ ጥርሱም ከአማልክቱ ፊት እንዲቀድም የተደረገው በዚያው በንጉሥ ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ዘመን ነው። ማን ከማን ፊት እንደሚሄድ በማየት ብቻ የዚያ ሕዝብ ልጅ፣ መምህሩ ቡድሃ ከአማልክቱ እንደሚበልጥ ይማራል።

ስለዚህ፣ እኅቴ ሆይ፣ የሚያመልኩት ዝሆኑን አይደለም። ራጃ የተባለው ዝሆን ሣጥኑን ለብዙ ዓመታት ተሸክሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሞት ሕዝቡ አልቅሶለታል፤ በድኑም ደርቆ በቤተ መቅደሱ ቅጥር ይታያል። ይህ ግን ለታመነ አገልጋይ የተሰጠ ፍቅር ነው። ቡድሃንም ቢሆን ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ነው አይሉትም፤ መንገድ ያሳየ መምህር ይሉታል።

እኛ በዚህ አምልኮ ተካፋዮች አንሆንም፤ ይህን መሸሸግ ፍቅር አይደለም። የቅዱሳንን ዐፅም እናከብራለን፤ የኤልሳዕ ዐፅም ሙት እንዳስነሣም መጽሐፍ ነግሮናል። የጌታችን ዐፅም ግን በየትኛውም ሣጥን፣ በየትኛውም ዝሆን ጀርባ ላይ አይገኝም፤ ተነሥቷልና፣ መቃብሩም ባዶ ነውና። ይሁን እንጂ ታቦት ስለምናከብርና በሥዕል ፊት ስለምንሰግድ «እንጨት ያመልካሉ» የሚል ስድብ ስንት ጊዜ ሰምተናል! የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት ልዩ ልዩ መሆናቸውን ሳይጠይቀን የፈረደብን ሰው ምን ያህል እንዳቆሰለን እናውቃለን። በዚያው ቁስል ሌላውን ማቁሰል ለእኛ አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከተማዋ በጣዖት ተሞልታ ባየ ጊዜ መንፈሱ ተበሳጭቶበት ነበር፤ ሆኖም መሠዊያዎቻቸውን እየዞረ ተመለከተ፣ የተጻፈባቸውንም አነበበ፣ ስብከቱንም ካነበበው ጀመረ።

በሚመጣው ነሐሴ ባልንጀራሽ ስልኳን ስትከፍት አጠገቧ ተቀመጪ። ነጩ ጨርቅ ለምን እንደሚነጠፍ፣ ሣጥኑን ስታይም ማንን አስባ እንደምታለቅስ ጠይቂያት፤ እስክትጨርስም አታቋርጫት። ያን ጊዜ እርስዋም አንቺ ዐርብ ዐርብ ስለምን እንደምትጾሚ ትጠይቅሽ ይሆናል፤ ስለ መስቀሉና ስለ ባዶው መቃብር የምትነግሪያት በዚያን ጊዜ ነው።