ማድጋ ሙሉ ብር፦ ስለ ተቀበረ ሀብት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎጃም ውስጥ ስለ ተቀበረ ብር ወሬ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲነቅል ማድጋ ሙሉ ብር አገኘ ይባላል። ሌላው የአያቱን ቤት አፍርሶ መሠረት ሲቆፍር። ጎረቤት በድንገት ቆርቆሮ ቤት ከሠራማ ማስረጃም አያስፈልግም፤ «አግኝቶ ነው» ይባላል፣ አለቀ። ወሬው ሁሉ ውሸት አይደለም። ግን እየተቀባበለ ሲሄድ ብዙ ነገር ይጨመርበታል።

«የተቀበረው የነገሥታት ወርቅ ነው»

ብዙውን ጊዜ የገበሬና የነጋዴ ቁጠባ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ ሥራ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ ያውም አዲስ አበባ። ቢቸና ወይም ቡሬ ላለ በሬ ሻጭ ምን ይፈይድለታል? ሽፍታ አለ። እቤቱ ገብቶ የሚያድር ወታደር አለ። ግብር ሰብሳቢ አለ። ስለዚህ ብሩን ሸክላ ውስጥ ከትቶ ከምድጃው አጠገብ ወይም ከጋጣው ሥር ይቀብራል። ቦታውን ለማንም ሳይነግር ከሞተ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ማረሻ ያወጣዋል።

የጥንት የወርቅ ሳንቲም እዚህ አገር ብዙ የማይጠበቅበትም ምክንያት አለ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም አሳትመዋል። ከዚያ በኋላ ግን በደጋው አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የራሱ ሳንቲም አልነበረም። የገበያው ገንዘብ አሞሌ ጨው ነበር። የጁቤ አጠገብ በነበረው በታላቁ የባሶ ገበያ፣ ከአባይ ማዶ ለሚመጣው ወርቅና ቡና አሞሌ ይሰጥ ነበር። ጨው ደግሞ አይቀበርም። አንድ ክረምት ይበቃዋል።

«ማርትሬዛው 1780 ስለሚል ሚሊዮን ብር ያወጣል»

ይሄኛው በየስልኩ የሚዞር ነው። «ማርትሬዛ ያለው ይደውልልኝ፣ በሚሊዮን እገዛለሁ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል።

ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ ሲታተም ዓመቱ ሳይቀየር ቀረ። ንግድ ነዋ! የእኛና የዓረብ ገበያ የለመደው ያንን መልክ ብቻ ስለነበር፣ ሌላ ምስል ያለው ብር ቢመጣ አይቀበለውም። አፄ ምኒልክ በራሳቸው ምስል ብር ሲያሳትሙ እንኳ ሕዝቡ ማርትሬዛውን አልለቀቀም። ስለዚህ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተመውም ሁሉ 1780 ይላል። ቁጥሩ በመቶ ሚሊዮኖች ነው። አንዱ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ የብር ማዕድኑ 23.4 ግራም ገደማ ነው። የአብዛኛው ዋጋ ከዚህ ማዕድን ዋጋ ብዙም አይርቅም። ከ1780 በፊት የታተመ ከሆነ ባለሙያ ማሳየት ያዋጣል።

እውነተኛውን ለመለየት ጠርዙን በጣት ዳስሱት። ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። ይህ የተደረገው ሰው ጠርዙን እየፋቀ ብር እንዳይሰርቅ ነው።

«ጣሊያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሯል፤ ካርታው እኔ ጋ ነው»

ካርታው ካለው ለምን ራሱ አይቆፍርም? ይህን መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን የለቀቀው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። በቆየባቸው ዓመታት ሊሬውን ሕዝቡ አልወድ ስላለው ራሱም ማርትሬዛ ሮም ውስጥ ለማተም ተገዷል። ተጣድፎ የሚወጣ ጦር የሆነ ነገር ጥሎ ቢሄድ አይገርምም። ግን ከተባለው የወርቅ ክምር ይልቅ ያው ጠገራ ብር ነው ብሎ ማመን ይቀለኛል። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ ኃይሉ ወርቅ ቀብረዋል የሚለው ወሬም እንዲሁ ነው። ባለጸጋ እንደነበሩ የታወቀ ነው፤ በ1924 ዓ.ም. ሲታሰሩ ግን ሀብታቸው ተወርሷል።

«ዘንዶ ይጠብቀዋል፤ ደም ካልፈሰሰ አይወጣም»

የድንጋይ ካብና ፍርስራሽ ውስጥ እባብ አይጠፋም፤ አይጥ ስላለ ነው። ጥቁር በግ አምጡ የሚለው ጠንቋይ ግን ብሩ ባይወጣም በጉን ይበላል። እኔን የሚያስፈራኝ ጉድጓዱ ነው። ዋልካ መሬት በክረምት ሲቆፈር ይደረመሳል፤ በሌሊት፣ ተደብቆ ሲሆን ደግሞ የሚደርስ ሰው የለም።

«መንግሥት ከሰማ ነጥቆ ያስራል»

የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ እንዲህ አይልም። ቤት ወይም መንገድ ሲሠራ ሳያስበው ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት እንዳለ መጠበቅ አለበት። ሲያስረክብ ተገቢው ሽልማት ይሰጠዋል፤ ለዚያ ያወጣው ወጪም ይተካለታል። የሚከለከለው ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ነው። ሰው ግን የሚሰጋው ያስረከበው ዕቃ በመንገድ ላይ እንዳይጠፋ ነው። ሥጋቱ ከንቱ ነው አልልም። ስለዚህ በሽማግሌዎች ፊት ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ስታስረክቡም የተፈረመ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ።

ሳይነኩ መጠበቅ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ የእንግሊዟ ሆክሰን መንደር ታሪክ አለ። በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋበት። ወዳጁ ብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞ ሊያግዘው ሄደ። ያገኘው ግን የሮማውያን የወርቅና የብር ሳንቲም ነበር፤ ወደ 15,000 ገደማ። ጥቂት አውጥቶ ቆፍሮ ሳይጨርስ አሳወቀ። ባለሙያዎች በማግስቱ መጥተው ስለቆፈሩት፣ ዕቃው በሣጥን ውስጥ እንዴት ተደርድሮ እንደነበር ሳይቀር ታወቀ። ወዳጁ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸልሞ ከገበሬው ጋር ተካፈለ። መዶሻውም ተገኘ፣ አሁን ሙዚየም ነው ያለው። የእኛ ሕግ ይህን ያህል ይከፍላል ማለቴ አይደለም።

«ስቆፍር ወርቅ አገኘሁ፤ በርካሽ ልሽጥልህ»

ናስ ነው። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የገዛው ወርቅ ሳይቀር የወርቅ ቅብ ብረት ሆኖ ተገኝቷል። በመንገድ ዳር በዓይን ለይቼ እገዛለሁ የሚል ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

በመጨረሻ፣ «የተገኘው ሳንቲም በሎሚና በአመድ ቢታሽ ዋጋው ይጨምራል» የሚለውም ስህተት ነው። ጭረቱ ዋጋውን ይቀንሳል፤ የተጣበቀው አፈርም ለባለሙያው መረጃ ነው። ከነአፈሩ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ የተገኘበትን ሸክላም ስባሪውን ሳይጥሉ አብሮ ማስቀመጥ ነው።