ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ ምንድን ነው? ለቤት ኦርጋን ስፒከርና ሄድፎን ስንመርጥ

የስፒከር ካርቶን ላይ «ከ45 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ዋቱን አይቶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ይህቺን መስመር ያልፋታል። ቤቱ ውስጥ ዲጂታል ኦርጋን ለሚጫወት ሰው ግን ቀድማ መነበብ ያለባት እሷ ናት። ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ የሚባለው ይሄው ነው።

ስፒከሩ ወይም ሄድፎኑ ከየትኛው ወፍራም ድምፅ እስከ የትኛው ቀጭን ድምፅ ድረስ ሳያዳላ ማሰማት እንደሚችል ይናገራል። ሄርዝ ማለት አየሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል።

ታዲያ ኦርጋን ከሌላው መሣሪያ በምን ተለየ? በታች በኩል ነው። የተለመደው ባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር በጣም ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ነው። የኦርጋን ፔዳል፣ ማለትም በእግር የሚረገጡት ቁልፎች፣ ከዚያም ይወርዳል። የኦርጋን ስቶፖች፣ ማለትም የትኞቹ ቧንቧዎች እንደሚሰሙ የሚመረጥባቸው ማብሪያዎች፣ የሚጠሩት በቧንቧ ርዝመት ነው፤ ቧንቧው በእጥፍ ሲረዝም ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ሄርዙ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። የፔዳሉ የመጀመሪያ ቁልፍ፣ ሲ፣ በ8 ጫማ ስቶፕ 65 ሄርዝ ነው። በ16 ጫማ 33 ገደማ ይሆናል። በ32 ጫማ ደግሞ 16 ሄርዝ ነው፤ ይህን ከጆሮ ይልቅ ደረትና ወለል ይሰሙታል። ዲጂታሉ ኦርጋን ደግሞ የእነዚህኑ ቧንቧዎች ድምፅ ነው የሚያወጣው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ስፒከሩ ከ45 ሄርዝ የሚጀምር ከሆነ፣ በ16 ጫማ ስቶፕ ከሲ እስከ ኤፍ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 6 የፔዳል ቁልፎች መሠረታቸው ከዚያ በታች ነው።

«እኔ ግን ይሰማኛል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይሰማል። የ33 ሄርዝ ኖታ ብቻውን አይመጣም፤ 65፣ 98 እያለ ተከታዮቹን ይዞ ይመጣል። አእምሯችን ከተከታዮቹ ተነስቶ የጎደለውን መሠረት ይሞላዋል። የኦርጋን ሠሪዎችም ይህን ከጥንት ያውቁታል፦ ለ32 ጫማ ቧንቧ ቦታ ሲያጡ 16 ጫማና 10⅔ ጫማ አንድ ላይ አሰምተው ጆሮን ያሳምናሉ። ኖታው አይጠፋም። የሚጠፋው ክብደቱ ነው። እኔ ራሴ በትንንሽ ስፒከሮች ስጫወት የኦርጋኑ ፔዳል ደካማ ነው ብዬ ነበር። ጥሩ ሄድፎን ስሰካ ነው ለካ ድምፁ ሁሌም እዚያው እንደነበረ የገባኝ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይታመንም። አጠገቡ ስንት ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደተጻፈ እዩ። «±3 ዲሲቤል» ካለ፣ በዚያ ክልል ውስጥ ድምፁ ብዙም አይዋዥቅም ማለት ነው። «−10 ዲሲቤል» ካለ፣ ጫፉ ላይ የምትሰሙት በግምት ግማሽ ያህሉን ነው። ምንም ካልተጻፈ ቁጥሩን እንደ ማስታወቂያ ብትቆጥሩት ይሻላል።

ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ የሚያቅተው በተፈጥሮው ነው። አንድ ኦክታቭ በወረድን ቁጥር፣ ያንኑ ያህል ድምፅ ለማሰማት የስፒከሩ ሸራ 4 እጥፍ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። ለዚህ ነው ሰብውፈር፣ ማለትም ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተሠራ ስፒከር፣ የሚያስፈልገው። ኦርጋን ደግሞ እንደ ከበሮ መትቶ አይተውም፤ እግራችሁ እስኪነሳ ድረስ ያንኑ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ዋት ስታዩ ለቅጽበት የሚደረስበትን ትልቁን ቁጥር ትታችሁ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚችለውን፣ ተመልከቱ።

ሄድፎን ላይ ነገሩ ይቀላል። የሚያንቀሳቅሰው ጆሮ አጠገብ ያለችውን ጥቂት አየር ብቻ ስለሆነ፣ በመጠነኛ ዋጋም 20 ሄርዝ አካባቢ የሚደርስ ይገኛል። ጀርባው ክፍት የሆነው ድምፁን ሰፋ አድርጎ ያሰማል፣ ለረጅም ልምምድም አያፍንም፤ ግን ድምፁን ወደ ውጭ ያሾልካል። ሌሊት ሰው አጠገባችሁ ከተኛ ዝጉን ውሰዱ። የኦርጋኑ ሄድፎን መሰኪያ ደካማ ከሆነ ከ250 ወይም 300 ኦም (ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ይልቅ 32 ኦም አካባቢ ያለው ይሻላል። ብሉቱዝ ግን ተዉት፤ ጣታችሁ ቁልፉን ነክቶ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ መጫወት አይቻልም።

የቀረው ክፍሉ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ 34 ሄርዝ ገደማ ያለ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። ይህ በ16 ጫማ የሲ ሻርፕ ቁልፍ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የስፒከሩን ቦታ ከመወሰናችሁ በፊት 16 ጫማውን አውጥታችሁ ፔዳሎቹን ከታች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁ ርገጡ። አንዱ ከጎረቤቱ በጣም ለይቶ ካጓራ፣ ወይም ድምፁ ከጠፋ፣ ስፒከሩን ለመቀየር አትቸኩሉ። ሰብውፈሩን ከጥጉ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ እንደገና ርገጡ።